ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ለምን አያርፍም?

ማንም ሳይነካው የተቀመጠ ላፕቶፕ፣ ስክሪኑ ጠፍቶም ቢሆን ባትሪ ይበላል። ከተጠያቂዎቹ አንዱ ራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ተራው የማን እንደሆነና ሰዓቱ የደረሰ ሥራ መኖሩን ለማጣራት ፕሮሰሰሩን በየተወሰነ ጊዜ የሚጠራበት ትርታ አለው።

ሊኑክስ በተራ ፒሲዎች ላይ ለዓመታት በሰከንድ 100 ጊዜ ሲመታ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የወጣው የ2.6 እትም ግን ቁጥሩን 1000 አደረሰው፤ ዓላማው ኮምፒውተሩ ለተጠቃሚው ቶሎ እንዲታዘዝ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ትርታው በ32 ቢት ሲቆጠር በ100 ፍጥነት ቆጣሪው ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው በ497 ቀን ነው፤ በ1000 ግን 50 ቀን እንኳ አይሞላም። ከዚህ የሚመጣ ስህተት ተደብቆ እንዳይቆይ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ቆጠራውን የሚጀምረው ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ብልሃቱ ደስ ይለኛል።)

የፍጥነቱን ዋጋ የከፈለው ባትሪ ነው። ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ክፍሎቹን ደረጃ በደረጃ ያጠፋል፤ ግን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ መግባትም መውጣትም ኃይል ይፈጃል። በየሚሊሰከንዱ የሚቀሰቀስ ፕሮሰሰር ሌሊቱን ሕፃን ሲያስነሳው እንዳደረ አባት ነው፤ አልጋ ላይ የቆየበት ሰዓት ብዙ ነው፣ እንቅልፍ ግን አላገኘም።

በ2005 ከርነሉን ለሚያዘጋጀው ሰው 100፣ 250 ወይም 1000 የመምረጥ ዕድል ተሰጠው፤ ካልመረጠ 250 ይሆናል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ግን አልበረደም። ፍቱኑ መላ የመጣው በ2007 ከ2.6.21 ጋር ነው፦ ሥራ ከሌለ ትርታውም ይቁም። ከርነሉ ከመተኛቱ በፊት ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ያያል፣ የሃርድዌሩን ሰዓት ለዚያ ይሞላል፣ ይተኛል።

ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ተገኘ። ኢንቴል በዚያው ዓመት ያወጣው ፓወርቶፕ የተባለ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ማን በሰከንድ ስንቴ እንደሚቀሰቅስ ስም እየጠራ ያሳያል። ያለ ፋይዳ «አዲስ ነገር አለ?» እያሉ የሚመላለሱ ፕሮግራሞች ያኔ ተጋለጡ። ዊንዶውስም ከዚህ አላመለጠም፤ በተለምዶ በሰከንድ 64 ጊዜ ይመታል፣ ነገር ግን አንድ ፕሮግራም 1 ሚሊሰከንድ ከጠየቀ ለረጅም ዘመን የመላው ማሽን ትርታ ይፈጥን ነበር።

ታዲያ ቁጥሩን መቀነስ ዛሬ ለማን ይጠቅማል? ፕሮሰሰሩ ደካማ ሆኖ ሥራ ለሚበዛበት ማሽን። እያንዳንዱ ትርታ ከሥራው ላይ ጥቂት ጊዜ ይሰርቃል፤ ፋይል ብቻ ለሚያቀብል አሮጌ ሰርቨር 100 ይበቃዋል። ድምፅ የሚቀዳበት ከሆነ ግን 1000 ላይ መተው ይሻላል። ባትሪ ለማትረፍ ብሎ ከርነል እንደ አዲስ ለመገንባት የተነሳ ሰው፣ ቀድሞ ፓወርቶፕን ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ቢያነብ ድካሙን ይቀንሳል።