ያውቁ ኖሯል? በሰከንድ 90 ጊዜ የሚሽከረከረው ዲስክ

በብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይሽከረከራል። ይህን ያህል እየፈጠነም፣ ላፕቶፕዎ እስኪከፈት ድረስ የሚያስጠብቅዎት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

▪ ሃርድ ዲስክ አንድ መረጃ ለማግኘት የንባብ ክንዱን ወደ ቦታው ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ዲስኩ እስኪዞር መጠበቅ አለበት። ይህ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሃርድ ዲስክን የሚተካው ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ግን መረጃውን የሚይዘው በቺፕ ላይ ስለሆነ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያገኘዋል።

▪ ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ የንባብ ክንዱ ጫፍ ከዲስኩ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ዋሂል በመኪና እየተጓዙ ላፕቶፕ ከፍተው ቢሠሩ፣ ኃይለኛ መንገጫገጭ ጫፉን ከዲስኩ ጋር አጋጭቶ ፋይሎችዎን ሊያጠፋ ይችላል። ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለ ይህ አያሰጋውም።

▪ ኤስኤስዲ የሚሠራበትን ፍላሽ ሜሞሪ የፈለሰፉት የቶሺባ መሐንዲስ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን ናንድ የተባለውን ዓይነት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ሳታ የተባለ መሰኪያ ያለው ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ፣ ተመሳሳይ መጠንና መሰኪያ ያለው ሃርድ ዲስክ በነበረበት ቦታ ይገባል። ሃርድ ዲስክዎን በኤስኤስዲ ከማስቀየርዎ በፊት ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ማከማቻ ይገልብጡ።