ሰጋሯ ሞተር ሳይክል

የድሮ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ፈረስ አያስጭንም ነበር። ፈረስ ለጦርና ለጉግስ ነው፤ ይሮጣል፣ ያምራል፣ ቁልቁለቱና ገደሉ ሲመጣ ግን ያስቸግራል። ለመንገድ የሚፈለገው በቅሎ ነው። በተለይ ሰጋር በቅሎ ከተገኘች፣ የምትረግጠውን አይታ ትረግጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ብትሄድም የተቀመጠባትን ሰው ወገብ አታደክምም። የሞተር ሳይክልም ነገር እንዲሁ ነው። ደረቱን ሰልባትዮው ላይ አስተኝቶ የሚነዳው፣ ለእሽቅድምድም የተሠራው ፈረሱ ነው። አስፋልትና ጠጠር ሳይመርጥ፣ ሣጥኖቹን ግራና ቀኝ ተሸክሞ አገር የሚያቋርጠው ትልቁ የጉዞ ሞተር ሳይክል ደግሞ በቅሎው ነው። ከዚህ ወገን ስሟ በዓለም የታወቀችውን ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስን ላስተዋውቃችሁ።

የተዋወቅኳት ሙኒክ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ጀርመን አገር ብዙ ዘመን የኖሩ ያገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋራዣቸው ውስጥ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ነበሩ፤ አንዷ ይህችው፣ ሌላዋ የእሷ አያት ልትባል የምትችል የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አር 80 ጂኤስ። «አዲሷን አንተ ያዝ፤ እኔ ከአሮጊቷ ጋር ተላምጃለሁ» አሉኝ።

እኔ የለመድኩት የገጠር ግብርና ባለሙያዎችና የጤና ሠራተኞች የሚነዱትን ያማሃ ዲቲ ነው። ዲቲ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ጭቃ ውስጥ ቢገባ ሁለት ሰው ጎትቶ ያወጣዋል። ይህችኛዋ ነዳጅ ሞልታ፣ ሣጥንም ሰውም ሳይጨመርባት፣ 249 ኪሎ ትመዝናለች። መቀመጫዋ ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከማቆሚያዋ ላይ ቀና ሳደርጋት ክብደቱ ጭኔና ክንዴ ላይ ተሰማኝ፤ ተረከዜ መሬት አልነካ ብሎ በጣቶቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ይዞኝ ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። አሥር ሜትር ያህል እንደሄድን ያ ሁሉ ክብደት የት እንደገባ ጠፋኝ።

ጋሼን ስጠይቃቸው ጎንበስ ብለው ሲሊንደሮቹን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። የዚች ሞተር ሁለቱ ሲሊንደሮች ወደ ላይ የቆሙ አይደሉም፤ እንደ በቅሎ ጭነት አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ወጥተው ጋደም ያሉ ናቸው። ጭነት የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ወገን ሳያመዛዝን አይጭንም፤ ዝቅ ብሎ የተጫነ ደግሞ አይወዛወዝም። ፒስተኖቹ አብረው ወደ ውጭ ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፤ የአንዱን ንቅናቄ ሌላው ያጠፋዋል። ይህን አቀማመጥ ማክስ ፍሪዝ የተባለው መሐንዲስ ለፋብሪካው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል፣ ለአር 32፣ በ1923 እ.ኤ.አ. አዋለው። መቶ ዓመት ሙሉ ሳይጣል የቆየው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጂኤስ የሚለው ስም የመጣው ከሁለት የጀርመንኛ ቃላት ነው፤ አንዱ መንገድ የሌለበትን ሜዳና ተራራ፣ ሌላው የተሠራውን መንገድ ይጠራል። የመጀመሪያዋ፣ 800 ሲሲ ገደማ ሞተርና 50 የፈረስ ጉልበት ያላት አር 80 ጂኤስ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ወጣች። በዚያ ዘመን ከአስፋልት የሚወጣ ሞተር ሳይክል ቀላልና ቀጭን መሆን አለበት የሚባልበት ጊዜ ስለነበር፣ ይህን የሚያህል ሞተር አሸዋ ላይ ይዞ መውጣት ድፍረት ነበር። በዓመቱ ፈረንሳዊው ዩበር ኦርዮል የፓሪስ–ዳካርን ውድድር አሸነፈባት፤ በ1983 ደገመው። በ1984 እና በ1985 ደግሞ ቁመቱ አጭር የነበረው ቤልጂየማዊ ጋስቶን ራይየ በዚሁ ዘር ሞተር ሳይክል ሰሃራን አቋርጦ አንደኛ ወጣ። እግሬ መሬት አልደርስ ሲለኝ የማስበው ይህን ሰው ነው።

ጉዞ ከመውጣታችን በፊት ባቫሪያ ውስጥ በአንድ የጠጠር ሜዳ ላይ ተለማመድኩ። እዚያ ነው የጣልኳት። በእግር ጉዞ ፍጥነት እየዞርኩ፣ መሪው እንደተጣመመ የፊት ፍሬን ያዝኩ፤ በቀኝ ጎኗ ሄደች። በወጣው ሲሊንደር መከላከያ ብረት ላይ ስላረፈች ሙሉ በሙሉ አልተኛችም፤ ግማሽ ጋደም አለች። 249 ኪሎ በክንድ አይነሳም። ሞተሩን አጠፋሁ፣ እንዳትንሸራተት ማርሽ ውስጥ እንዳለች ተውኳት፣ በግራ ያለውን ማቆሚያ አስቀድሜ ዘረጋሁ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቻት ቁጢጥ አልኩና መቀመጫዋን በወገቤ ተደገፍኩ፤ በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው የኋላውን መያዣ ይዤ፣ በእግሬ ብቻ እየገፋሁ ወደ ኋላ በትናንሽ እርምጃ ሄድኩ። ተነሳች። ይህን አነሳስ ሳይማር በዚች ሞተር ሳይክል ብቻውን ማንም ሰው ሩቅ መንገድ መሄድ የለበትም እላለሁ።

ጠጠር ላይ ትልቁ ነገር መቆም ነው። ከመቀመጫው ተነስተህ በእግር ማሳረፊያዎቹ ላይ ስትቆም፣ ጉልበትህ ሰልባትዮውን አቅፎ፣ እጅህ መሪውን ላላ አድርጎ ይይዛል። የፊት ጎማው ከሥርህ ይወላወላል፤ ተወው። በቅሎ ልጓሟን ካልሳቡባት እግሯን ራሷ እንደምታስቀምጥ፣ ይህችም ጭንቅ ብለው ካልያዟት መንገዷን ታገኛለች።

ከሙኒክ ተነስተን ኦስትሪያን አቋርጠን ሬሽን ከተባለው ሐይቅ ዘንድ ደረስን። ውኃ የዋጠው መንደር የቤተ ክርስቲያን ግንብ ከሐይቁ መካከል ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከዚያ ጣሊያን ውስጥ ወዳለው የተራራ መተላለፊያ፣ ወደ ስቴልቪዮ ዞርን። መንገዱን ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለ መሐንዲስ ከ1820 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. ለኦስትሪያ መንግሥት የሠራው ነው። ከፕራቶ መንደር በኩል 48 የሚታጠፉ ኩርባዎች አሉት፤ ቁጥራቸው ከታች ከ48 ጀምሮ እየቀነሰ ይወጣል። አናቱ ከባሕር ወለል በላይ 2757 ሜትር ነው። የእንጦጦን አየር የለመደ ሳንባ ይህን ከፍታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሞተሩ ግን ይቆጥረዋል። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሞተር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። የጋሼ አሮጊት በካርቡራተሯ ስትተነፍስ ከኋላዬ ትሰማኝ ነበር። አዲሷ በ1254 ሲሲና በ136 የፈረስ ጉልበት የተጎደለባትን ሳታሳይ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ወጣች።

ኩርባው ላይ ዋናው ሥራ የዓይን ነው። የገደሉን አጥር ካየህ ወደ አጥሩ ትሄዳለህ። ስለዚህ አንገትህን እስከ ትከሻህ አዙረህ ገና ያልደረስክበትን የመንገዱን መውጫ ታያለህ፤ የኋላውን ፍሬን በስሱ ነካ ታደርጋለህ፣ ጋዙን ሳትለቅ። አጥብቀህ ፍሬን ብትይዝ እንኳን አፍንጫዋን አትደፋም። በሌሎቹ የፊት ሞላው ይሰምጣል፤ በዚች ግን የፍሬኑን ግፊት ወደ ሻንሲው የሚወስድ የተለየ ክንድ አለ። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውም ካቴና ሳይሆን የተሸፈነ ዘንግ ነው፤ በየማታው ዘይት መቀባት፣ ማጥበቅ የለም።

ጉድለት የላትም አልልም። ያ የፊት ክንድ መንገዱን ከእጅ ትንሽ ያርቀዋል፤ ጎማው የሚረግጠውን እንደ ዲቲ አትሰማውም። ጥልቅ ጭቃና አሸዋ ላይ ክብደቷ ዕዳ ነው፤ ለገጠር ቀበሌ መንገድ እስከ ዛሬ ዲቲን እመርጣለሁ። የጋሼ አሮጊት በመፍቻና በፒንሳ ትጠገናለች። አዲሷ ስትታመም ኮምፒውተር ትጠይቃለች።

ሆኖም ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ መንገደኞች በመተማ ገብተው፣ ጎንደርን አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው ወደ ሞያሌ ሲያልፉ ብዙ ጊዜ እናያቸው የነበረው በዚች ዘር ሞተር ሳይክል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገር ከጓደኛው ከቻርሊ ቡርማን ጋር ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስቶ ኬፕታውን ሲደርስ በኢትዮጵያ ያለፈው በአር 1200 ጂኤስ አድቬንቸር ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን ያን ቁልቁለትና ዳገት በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! አንድ ቀን በዚች ልወርደው እመኛለሁ።

የስቴልቪዮን የመጨረሻ ኩርባ አልፈን አናቱ ላይ ስንደርስ ክብደቱ ተመልሶ መጣ። ሞተር ሳይክል የሚቆምበት ቦታ ጠጠርና ዘመም ያለ ነበር፤ የማቆሚያዋ እግር መሬቱ ውስጥ ይሰምጣል። እንደተቀመጥኩ፣ በጣቶቼ ቆሜ፣ 249ኙን ኪሎና ሣጥኖቹን ይዤ ቀረሁ። ጋሼ የራሳቸውን አቁመው መጡ፤ ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገው ከማቆሚያው ሥር በጫማቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«አሁን ውረድ።»

ዳቦና ሻይ ቀማምሰን በማዶ ወዳለችው ቦርሚዮ ከተማ ልንወርድ ስንነሳ ድንጋዩን አንስተው አቧራውን አራገፉና በግራው ሣጥን ከተቱት።