የሶዌቶ ሕፃናት ደም ምን መሰከረ?

ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ቤት በወጡበት በ1990 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ በደቡብ አፍሪቃ በጆሃንስበርግና በሶዌቶ የተወለዱ 3273 ሕፃናት ከልደታቸው አንሥቶ ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና ጤንነታቸው እየተመዘገበ እንዲከታተሏቸው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው አንድ ታላቅ ጥናት ጀመሩ። ጥናቱ «ከልደት እስከ ሃያ» የተሰኘ ሲሆን፣ ልጆቹም «የማንዴላ ልጆች» ለመባል በቁ።

ከእነዚሁ ሕፃናት አንዳንዶቹ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ ናይጅል ክራውዘርና የሥራ ጓደኞቹ ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጥተው ደማቸውን መረመሩ። በ1998 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ ስኳርን ለማስተናገድ ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው የእነዚያ ልጆች ሰውነት ነበር፤ እነርሱም ሲወለዱ አነስተኛ ክብደት የነበራቸውና ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት የወፈሩት ናቸው። በማኅፀን ሳለ የምግብ እጥረት ያገኘው ፅንስ ጥቂቱን አብቃቅቶ ለመኖር ይሰናዳልና፣ ከተወለደ በኋላ ጥጋብ በድንገት ሲመጣበት ትርፉን በስብ መልክ ያከማቻል ብለው ሊቃውንቱ ያስረዳሉ።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በኢንሱሊን ላይ ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭና እንደ ግብር ቤት አጋፋሪ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ስብ በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ በበዛ ጊዜ ሕዋሳቱ ትእዛዙን መቀበል ስለሚያዳግታቸው፣ ቆሽት አብዝቶ እያመነጨ ጉድለቱን ለዓመታት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ልጁ ሌሊቱን ጾሞ ሲመረመር የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ቢገኝ እንኳ፣ ኢንሱሊኑ ከልክ በላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከ100 እስከ 125 ያለው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር በሽታ ይባላል። በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በአፍሪቃውያን ዘንድ የኢንሱሊን ኃይል ደክሞ ሳለ እርሱ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ሐኪም በዚህ ቁጥር ብቻ ሊጽናና ከቶ አይገባም።

ዛሬ የሶዌቶ ተማሪ የሚበላው ኮታ፣ የዳቦ ሩብ ተቦርቡሮ በተጠበሰ ድንችና ፖሎኒ በተባለ ቋሊማ የሚሞላ ሲሆን፣ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ ነው። የደቡብ አፍሪቃ መንግሥትም ከኤፕሪል 1 ቀን 2018 ጀምሮ በ100 ሚሊሊትር መጠጥ ውስጥ ከ4 ግራም በላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ የስኳር ግራም 2.1 ሳንቲም ግብር ጣለ፤ ፋብሪካዎችም የመጠጦቻቸውን ስኳር ቀነሱ። ይህን ሥራ እኔ በሙሉ ልብ አደንቃለሁ።

ነገሩ በጆሃንስበርግ ጂፒ መንገድ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችንንና በአገር ቤት ያሉትንም ይመለከታል፤ በ2019 ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶ ያህሉ መቀንጨር የደረሰባቸው ነበሩና። እንዲህ በችግር የጀመረ ሕፃን ብስኩትና ለስላሳ በከተማ ሲያገኝ ሰውነቱ ይሞላል፤ እኛም «አማረበት» እንላለን። በአንገቱ ዙሪያ የሚታየው፣ እናቶች እድፍ መስሏቸው በሳሙና የሚፈትጉት የጠቆረና የሻከረ ቆዳም ብዙውን ጊዜ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ቁርስ ሳይበላ ማለዳ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሙን ማስመርመር ይገባል።