ዳማከሴና የራስ ምታት ኪኒን ባንድነት ሲወሰዱ

በአገራችን ምች የመታው ወይም ራሱን ያመመው ሰው ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ሲጠጣ ማየት የተለመደ ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው ከዚያው ጋር አስፕሪን ወይም ፓራሲታሞል ይጨምርበታል። እኔም በዕረፍት ወራት ከአያቴ ቤት ሳለሁ ራሴን አሞኝ ሁለቱንም ወሰድሁ፤ ጥቂት ቈይቶም ሕመሙ ቀለለኝ። አያቴ «ዳማከሴው ነው» አሉ፤ እኔም «አስፕሪኑ ነው» ብዬ ተከራከርሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለታችንም በችኰላ እንደ ፈረድን ማስረዳት ነው።

አስፕሪን ሕመምንና ትኩሳትን የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ይህንንም ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. ገልጦታል። ዳማከሴም በከንቱ አልተመሰገነም፤ ከቅጠሉ የወጣው ፈሳሽ በአይጦች ላይ ሲሞከር ትኩሳትንና ሕመምን ቀንሷል። ነገር ግን በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። መጠኑም አይታወቅም፤ ስንት ቅጠል እንደ ጨመቁ አያቴን ብጠይቃቸው «እንደ እጄ ነዋ፥ ልጄ» አሉኝ።

የሁለት መድኃኒት ቅንጅት ብልጫ እንዳለው ለማወቅ ሕመምተኞችን በአራት ወገን መክፈል ያስፈልጋል፤ ይኸውም ለአንዱ ኪኒኑን ብቻ፥ ለሁለተኛው ቅጠሉን ብቻ፥ ለሦስተኛው ሁለቱንም፥ ለአራተኛው መድኃኒትነት የሌለውን አምሳያ በመስጠት ነው። ማን ምን እንደ ወሰደም ሕመምተኛውም ሰጪውም ማወቅ የለባቸውም።

ከዕፀዋት ከሚገኙት ነገሮች መካከል ከማስታገሻ ኪኒን ጋር በሰው ላይ በሚገባ የተፈተነው በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የ20 ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፥ 100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ካፌይን ሲጨመር ጥሩ እፎይታ የሚያገኙት ሰዎች ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህል ይበልጣሉ። እንግዲህ በክርክራችን ስሙ ያልተነሣው ቡናም ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም።

ይሁን እንጂ መጨመር ሁሉ ጥቅም አይደለም። አስፕሪን የደምን መርጋት ያዘገያል፤ ነጭ ሽንኩርትም በብዛት ሲወሰድ እንዲሁ ሊያደርግ ስለሚችል፥ ጥርሱን ሊያስነቅል የሚሄድ ሰው ሁለቱንም መናገር አለበት። በአኻያ ልጥ ያለው ሳሊሲን በሰውነት ውስጥ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለወጣል፤ ስለዚህ ልጡን ከአስፕሪን ጋር የወሰደ ሰው አንዱን ወገን መድኃኒት ደግሞ ወሰደ ማለት ነው። ጤና አዳምም ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው።

ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ሄዶ «ምን መድኃኒት ወሰድህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ኪኒኑን ብቻ ይናገራል፤ ቅጠሉን ወይ እንደ መድኃኒት አይቈጥረውም፥ ወይ እንዳይሳቅበት ያፍራል። ስለዚህ የተማርን ነን የምንል ሁሉ ሳንስቅና ሳንነቅፍ መጠየቅን እንልመድ። ያልተነገረውን ሐኪሙ ሊጠነቀቅለት፥ ተመራማሪውም ሊፈትነው አይችልምና።