አፕሉ ንጹሕ ነው ወይ?

ከአርባ ምንጭ ተነስተን ጨንቻ ስንደርስ ከመንገድ ዳር አፕል ገዛሁ። የልጅ ልጄ አንዱን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ልትገምጥ ስትል እጇን ያዝኩት። «አባባ፣ ንጹሕ ነው እኮ!» አለችኝ። ለዓይን ንጹሕ ነበር። ነገር ግን ፍሬው የተባይ መድኃኒት ተረጭቶ ከሆነ፣ ቅሪቱን ዓይን አያየውም።

ቅሪቱን በብርሃን መለየት ይቻላል። ሕንዳዊው ሳይንቲስት ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ብርሃን አንድን ነገር ነክቶ ሲበተን ጥቂቱ ቀለሙን ይለውጣል። ለውጡ ለየንጥረ ነገሩ እንደ ጣት አሻራ ነው። ምልክቱ ደካማ ቢሆንም፣ ቅሪቱ እጅግ ረቂቅ የብር ወይም የወርቅ ቅንጣቶችን ሲነካ ብዙ እጥፍ ይጎላል። ሆኖም ቅንጣቶቹን የያዘው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተለክቶበት ይጣላል፤ ወጪውም ይበዛል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብሩን ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ያጣምሩታል። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት የተጣበቀው ቅሪት ይፈራርሳል፤ ገጹም ታጥቦ እንደገና ይለካበታል።

መሣሪያው እጃችን እስኪገባ ምን እናድርግ? የአሜሪካው ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. በዚሁ የብርሃን ዘዴ ጭምር አፕል መርምረው ነበር። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲያቆዩት፣ የሞከሯቸው ሁለት መድኃኒቶች ከላዩ ለቀቁ። ወደ ልጣጩ ውስጥ የዘለቀው ግን በእጥበት አልወጣም፤ እሱን የሚያስወግደው መላጥ ነው።

ቤት ገብተን አፕሎቹን ዘፈዘፍን። የልጅ ልጄ ሰዓቱ ላይ አፍጥጣ «አባባ፣ አልደረሰም?» ትለኛለች። 15 ደቂቃው ሲሞላ በንጹሕ ውሃ አለቃልቄ፣ ልጬ ሰጠኋት።