ተማሪ ተኮር ትምህርት የማንን ጉልበት ይጠይቃል?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሙከራ ትምህርት ቤት ሊከፍት ሲነሣ የከተማዋን የትምህርት ቤት ዕቃ መደብሮች ዞሮ ነበር። የፈለገው ልጆች ቆመውም ተቀምጠውም የሚሠሩበት ጠረጴዛና ወንበር ነው፤ አጣ። በመጨረሻ ነገሩ የገባው አንድ ሻጭ፣ ሰውየው የሚፈልገው ልጆች የሚሠሩበትን ዕቃ እንደሆነ፣ መደብሩ ያለው ሁሉ ግን ለመስማት ተብሎ የተሠራ እንደሆነ ነገረው። ዱዊ ይህን ገጠመኝ በኋላ ለወላጆች ባደረገው ንግግር አንሥቶታል። ስለ ትምህርት ማሻሻያ ከተጻፉት ወፋፍራም ሰነዶች ይልቅ የዚያ ነጋዴ አስተያየት ጉዳዩን አፍረጥርጦ ያሳያል ባይ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ በጃንዋሪ 1896 እ.ኤ.አ. (የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ16 ልጆችና በ2 መምህራን ሥራ ጀመረ። ልጆቹ ምግብ ያበስላሉ፣ ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፣ እንጨት ይጠርባሉ። ዓላማው ሙያ ማሠልጠን አልነበረም። ከትምህርቶቹ አንዱ እንዲህ ነበር፦ ልጆቹ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥና ያልተፈተለ የበግ ፀጉር ተሰጣቸው። ጥጡን ከፍሬው ለመለየት ግማሽ ሰዓት ሲታገሉ ቆይተው በእጃቸው የገባው 30 ግራም እንኳ አልሞላም። እናቱ በመዳመጫ ጥጥ ስትዳምጥ ያየ ኢትዮጵያዊ ለምን እንደሆነ አይጠፋውም። ልጆቹ የቀድሞ ሰዎች ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ለምን ይለብሱ እንደነበር በገዛ ጣታቸው ደረሱበት። ከዚያ ወደ መዳመጫ ማሽኑ ፈጠራ፣ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ታሪኩ ማለፍ ቀላል ነው።

በ1902 የተማሪው ቁጥር 140 ሲደርስ መምህራኑ 23 ሆነው ነበር፤ በዚያ ላይ 10 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያግዟቸዋል። ስለ ዱዊ ፍልስፍና ብዙ ይጻፋል፤ ይህ ቁጥር ግን እምብዛም አይነሣም። ለእኔ የተራማጅ (ተማሪ ተኮር) ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ቁጥር ታሪክ ነው። ልጁን መሐል ላይ የሚያስቀምጥ ትምህርት የመምህሩን ጊዜ፣ ዝግጅትና ንቃት ክፉኛ ይበላል። ሐሳቡ በያዘበትና ባልያዘበት አገር መካከል ያለውን ልዩነት የፈለገ ከዚህ ቢጀምር አይከስርም።

ሐሳቡ ራሱ ከዱዊ ይቀድማል። ፈላስፋው ሩሶ በ1762 «ኤሚል»ን ሲያሳትም ሕፃን የራሱ አስተሳሰብና የራሱ የዕድገት ወራት ያለው ፍጥረት ነው ብሎ ተነሣ፤ መጽሐፉ በፓሪስም በጄኔቫም ተቃጠለ። (ሩሶ የገዛ ልጆቹን ለማሳደጊያ ተቋም የሰጠ ሰው መሆኑን ተቺዎቹ እስካሁን አይምሩትም።) ስዊዘርላንዳዊው ፔስታሎዚ ሐሳቡን ከወላጅ አልባና ከድሃ ልጆች ጋር ሞከረው። ጀርመናዊው ፍሮብል ደግሞ በ1837 የጀመረው የሕፃናት ተቋም የዛሬው አጸደ ሕፃናት ሁሉ አባት ነው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ወደ መስኩ የገባችው በሕክምና በኩል ነው። ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የታደሱ የኪራይ ቤቶች ነበሩ፤ ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ልጆቹ ግድግዳውንና ደረጃውን እንዳያበላሹ ባለቤቶቹ አንድ ክፍል አዘጋጁና ሥራውን ለእሷ ሰጡ። በጃንዋሪ 1907 በ50 ገደማ ሕፃናት ተጀመረ። ሞንቴሶሪ በኋላ ደጋግማ ያወሳችው አንዲት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ልጅቷ ድቡልቡል የእንጨት ቁራጮችን በየልካቸው ቀዳዳ እየከተተች መልሳ እያወጣች ከአርባ ጊዜ በላይ ደገመችው። ሌሎቹ ልጆች በዙሪያዋ እየዘፈኑ ቢዞሩ፣ ከነወንበሯ አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጧት እንኳ ቀና አላለችም። ሌላ ቀን መምህርቷ ቁም ሣጥኑን ሳትቆልፍ ሄዳ ኖሮ፣ ስትመለስ ልጆቹ የሚፈልጉትን ራሳቸው መርጠው ሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ባለቁልፉ ቁም ሣጥን ቀርቶ በልጅ ቁመት ልክ የተሠራ ክፍት መደርደሪያ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሞንቴሶሪ» የሚል ታፔላ የሰቀሉ መዋዕለ ሕፃናት ሞልተዋል፤ ስሙን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ ገባ ብሎ መደርደሪያውን ቢያይ ይሻለዋል።

በዚያው ዘመን ሌሎችም ተነሡ። ሕንዳዊው ባለቅኔ ታጎር በ1901 ሻንቲኒኬታን ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ጀመረ። በ1919 ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ላይ የአንድ ሲጋራ ፋብሪካ ባለቤት ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ሩዶልፍ ሽታይነርን ጠየቀ። ኒል በ1921 የመሠረተው ሰመርሂል፣ ልጅ ካልፈለገ ክፍል አይግባ ብሎ እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር አለ። ፈረንሳዊው ፍሬኔ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ስለተመለሰ ረጅም ሰዓት መናገር አይችልም ነበር፤ ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዝቶ ልጆቹ የራሳቸውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቅመው እንዲያትሙ አደረገ። እነዚህን ሰዎች አንድ ማኅበር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ለሞንቴሶሪ እያንዳንዱ መሣሪያ የተወሰነ አጠቃቀም አለው፤ ለኒል ይህ ራሱ እስር ነው። የዱዊ ደቀ መዝሙር ኪልፓትሪክ በ1914 ሞንቴሶሪን የሚተች መጽሐፍ ጽፎ አሜሪካ ውስጥ ዝናዋ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት።

ነገሩ ከልጆች ክፍል ወጥቶ የፖለቲካ ጉዳይ የሆነው ብራዚል ላይ ነው። ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 አንጂኮስ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ተነሣ። በጊዜው የብራዚል ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይመርጥ ይከለክል ስለነበር፣ አንባቢ ማፍራት መራጭ ማፍራት ነበር። አስተማሪዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ መሐል ገብተው ከአፉ የማይጠፉትን ቃላት ይለቅማሉ። ለምሳሌ ጡብ፣ በእነሱ ቋንቋ «ቲዦሎ»። ግንበኞች ሲሠሩ የሚያሳይ ሥዕል ይሰቀልና ወሬው ይጀመራል፦ ቤቱን ማን ይሠራል? ማንስ ይኖርበታል? ቃሉ የሚሰበረው ከዚህ ጨዋታ በኋላ ነው። አንድ ካርድ ይወጣል፤ ታ ቴ ቲ ቶ ቱ፣ ዣ ዤ ዢ ዦ ዡ፣ ላ ሌ ሊ ሎ ሉ። ያችን ካርድ ያየ ኢትዮጵያዊ የአያቱን የፊደል ገበታ ያየ ይመስለዋል። ተማሪዎቹ ከእነዚህ ድምፆች አዲስ ቃል እንዲገጣጥሙ ሲጠየቁ ከሚያወጧቸው ቃላት አንዱ «ሉታ»፣ ትግል ነው። መንግሥት በመላ አገሪቱ 20,000 የመማሪያ ክበቦች ሊከፍት ዕቅድ ይዞ ሳለ በኤፕሪል 1964 ጦሩ ሥልጣን ያዘ። ፍሬሬ ታሰረ፤ ተሰደደ፤ ዋናውን መጽሐፉን በስደት ቺሊ ሆኖ ጻፈ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1980 ሲሆን ከ1989 ጀምሮ የሳኦ ፓውሎ ከተማን የትምህርት ቢሮ መርቷል።

ጣሊያን ውስጥ ሬጂዮ ኤሚሊያ አጠገብ ያለች አንዲት መንደር ደግሞ በ1945፣ ጦርነቱ እንዳበቃ፣ ጀርመኖች ጥለው ከሄዱት ታንክ፣ ካሚዮኖችና ፈረሶች ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ የሕፃናት ትምህርት ቤት መገንባት ጀመረች። ወሬውን የሰማው ወጣት መምህር ሎሪስ ማላጉዚ በብስክሌት ሄዶ አየና በዚያው ቀረ። ዛሬ የሬጂዮ ትምህርት ቤቶች ከመላው ዓለም በሚመጡ ሰዎች ይጎበኛሉ። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሣው የልጆቹን ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ በየክፍሉ ሁለት መምህራን እንዳሉና ከእነሱ ጎን በሥነ ጥበብ የሠለጠነ ሌላ ባለሙያ እንደሚሠራ የሚያስተውለው ጥቂቱ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ውጤት አለው ወይ? አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ 30 ያህል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከኮሌጅ መግቢያ መስፈርት ነፃ ተደርገው ሥርዓተ ትምህርታቸውን እንደፈለጉ እንዲቀርጹ ተፈቀደላቸው። ከዚያ 1,475 ተመራቂዎቻቸው ኮሌጅ ሲገቡ በዕድሜ፣ በኑሮና በችሎታ ከሚመስሏቸው ሌሎች 1,475 ተማሪዎች ጋር እየተጣመሩ ተነጻጸሩ። የተራማጆቹ ተማሪዎች በጥቂቱ በለጡ፤ ይበልጥ ከባህላዊው አሠራር ከራቁት ትምህርት ቤቶች የመጡት ደግሞ ይበልጥ። ሪፖርቱ የወጣው በ1942 ነበርና በጦርነቱ ወሬ ተዋጠ። የአሜሪካ የተራማጅ ትምህርት ማኅበርም በ1955 ፈረሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሶቪየቶች ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካኖች ጥፋቱን የለጠፉት ለስላሳ ትምህርት ቤቶቻቸው ላይ ነበር።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። በ2006 ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ ባወጡት ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ፣ ጀማሪ የሆነ ሰው ያለ በቂ መሪ ራሱ ፈልጎ ያግኝ ሲባል የማስታወስ አቅሙ ስለሚጨናነቅ የሚማረው ያንሳል ብለዋል። ጥቁር አሜሪካዊቷ የትምህርት ባለሙያ ሊዛ ዴልፒት ከዚያ ቀደም ብላ ሌላ ነጥብ አንሥታ ነበር፦ ሀብታሙ ልጅ ትምህርት ቤት በግልጽ ያላስተማረውን ቤቱ ያገኘዋል፣ የድሃው ልጅ ግን ካልተነገረው ከየት ያመጣዋል? ይህ ለእኛም አገር የሚሠራ ጥያቄ ነው። ዱዊ ራሱ በ1938፣ በ78 ዓመቱ፣ ልጁን ልቀቁትና ያሻውን ይሥራ የሚሉ ተከታዮቹን ወቅሶ መጽሐፍ አሳትሟል። የጥጡ ትምህርት መረን የተለቀቀ አልነበረም፤ ጥጡንና ፀጉሩን ጎን ለጎን ያስቀመጠችው ወዴት እንደሚያደርስ የምታውቅ መምህርት ናት።

በአገር ደረጃ የተሞከሩትን ስናይ ኮሎምቢያ ቀድማ ትመጣለች። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቪኪ ኮልበርትና ባልደረቦቿ «ኤስኩዌላ ኑዌቫ»ን የጀመሩት አንድ መምህር ብዙ ክፍሎችን አንድ ላይ በሚያስተምርባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። ብልሃቱ ዝግጅቱን ከመምህሩ ትከሻ ማውረድ ነበር፤ ልጆቹ ደረጃ በደረጃ የሚመራ መጽሐፍ እየያዙ በትናንሽ ቡድን ይሠራሉ፣ ለመከር ቀርቶ የተመለሰ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል፣ መምህሩ ከቡድን ቡድን ይዞራል። በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች በጥድፊያ ሲስፋፋ ግን መጽሐፉ ደርሶ ሥልጠናው ያልደረሰበት ቦታ በዛ። ፊንላንድ በሌላ በኩል ዞረች፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መምህራኗን በማስተርስ አሠለጠነች፣ ቀጥላም ተቆጣጣሪዎቹን አስቀረች። የኔሬሬ ታንዛኒያ በ1967 ትምህርትን ከእርሻ ጋር ልታዋህድ አስባ፣ በብዙ ቦታ ልጆች የትምህርት ቤቱን ማሳ የሚያርሙ የጉልበት ሠራተኞች ሆነው ቀሩ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ የድሮው ሽምደዳ፣ የአሁኑ አሳታፊ የሚል አጭር ታሪክ እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። ከፊደል እስከ ዳዊት ያለው ጉዞ ድግግሞሽና አለንጋ እንዳልተለየው አይካድም። ቅኔ ቤት የደረሰ ተማሪ ግን በየዕለቱ ማንም ያላለውን ነገር ይዞ መምህሩ ፊት እንዲቀርብ ይጠበቅበታል። ለብቻው ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በአቅሙ ፍጥነት ደረጃውን ይወጣል። የበሰሉት ለጀማሪዎቹ ያስረዳሉ። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከቤተ ክህነቱ የወረሰው ግን የታችኛውን ክፍል ድግግሞሽ ነው፤ ቅኔ ቤቱን በር ላይ ትቶት ገባ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አደረገ። ተማሪ ተኮር፣ አሳታፊ፣ ተከታታይ ምዘና የሚሉት ቃላት ከየዕለቱ የትምህርት ዕቅድ የማይጠፉ ሆኑ። ከዚያ ሁሉ ለልጁ ቅርብ የነበረው ውሳኔ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ይመስለኛል፤ በማያውቀው ቋንቋ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ልጅ የለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ገባ። በእንግሊዝኛ ይነጉድ ነበር፣ አቁም ቢሉት አይሰማም ነበር፣ መምህሩም ጎኑ ቆሞ ያይ ነበር። ተማሪ ተኮር ያለው መንግሥትና ይህን የገዛው መንግሥት አንድ ነበሩ። የቡድን ሥራውም «አንድ ለአምስት» ሆኖ ቅጽ የሚሞላበት አደረጃጀት ሆነ።

በመመዘኛው መሠረት አንደኛ ደረጃ ላይ አንድ ክፍል ከ50 ተማሪ መብለጥ የለበትም፤ 70 የታጨቀበት ክፍል ግን ብርቅ አይደለም። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 35 ሴኮንድ አይሞላም። እንዲህ ያለ መምህር ተከታታይ ምዘና አድርግ ሲባል ከአምስት፣ ከአሥር የሚታረም ጥያቄ እየደጋገመ ነጥብ ቢሰበስብ ማን ይፈርድበታል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ ጣታቸውን ተማሪ ተኮሩ ዘዴ ላይ የቀሰሩ ነበሩ። ዘዴው ዕቅድ ደብተር ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ ስንት ቦታ እንደገባ ማንም መምህር ይነግራቸው ነበር።

ዘዴው ክፍል ሲገባ ምን እንደሚመስል ያሳየ ፕሮግራም አለ። «ስፒድ ስኩል» በ2011 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀመር የያዘው ከትምህርት ገበታ የራቁ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። የሦስት ክፍል ትምህርት በ10 ወር ይሸፍናሉ። በአንድ ክፍል 30 ገደማ ልጆች ይቀመጣሉ፤ ክብ ሠርተው ይወያያሉ፣ ፊደሉን በጭቃ ይሠሩታል፣ ሒሳቡን በገበያ ጨዋታ ይማሩታል። አስተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪ የሌለው የአካባቢው ወጣት ነው፤ ከመግባቱ በፊት ይሠለጥናል፣ ከገባም በኋላ የሚጎበኘው ሰው አለው። እናቶቹ በቁጠባ ቡድን ይደራጃሉ፣ ልጁ ወደ ከብት ጥበቃ እንዳይመለስ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ ፈተና ተፈትነው በአቅራቢያቸው ወዳለው መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይዛወራሉ፤ በአብዛኛው 4ኛ ክፍል ይገባሉ። እዚያ የሚቀበላቸው መምህር ስንት ልጅ እንደሚይዝና በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስተምር የሚወሰነው በወረዳው በጀት ነው።