ፎልደር ሲከፈት ኮምፒውተሩ ለምን ይጨናነቃል? ከፎርማት በፊት የሚደረጉ ፍተሻዎች

ጥር በጎንደር የካሜራ ወር ነው። ታቦታቱ በከተራ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወርደው ጥር 11 ጸበሉ ከተረጨ በኋላ ሠርጉ ይከተላል። የተቀረጸው ሁሉ በሜሞሪ ካርድና በፍላሽ ተጭኖ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይራገፋል። ብዙ ፎቶ ቤቶች ችግሩን የሚያዩት ያን ጊዜ ነው፤ ፎልደሩ ሲከፈት ማራገቢያው ይጮኻል፣ መስኮቱ ይነጣል፣ ማውሱ አልታዘዝ ይላል። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት የሚገባው ተማሪም ከዚህ አያመልጥም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር “ፎርማት ይደረግ” የሚል ነው። ቅጂ ላልተያዘለት የሠርግ ቪዲዮና የጥናት ጽሑፍ ግን ከዚህ የከፋ ምክር የለም። ፕሮሰሰሩ የሚጨናነቀው አንድ የተወሰነ ሥራ ስለበዛበት ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ከታወቀ መፍትሔው በአብዛኛው የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን የያዘውን ፕሮግራም ይለዩ

ፎልደሮችን የሚከፍትልን ፕሮግራም በ1995 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋይል ኤክስፕሎረር ቢባልም፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዛሬም የሚታየው ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር በሚለው ስሙ ነው። ዴስክቶፑንና ከታች ያለውን ታስክባርም የሚያሳየው እሱው ስለሆነ፣ እሱ ሲቆም ኮምፒውተሩ በሙሉ የሞተ ይመስላል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰር) የሚለውን ርእስ ሲነኩት ብዙ የሚሠራው ፕሮግራም ወደ ላይ ይመጣል። ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ከወረደ ጤናማ ነው። ወጥቶ ካልወረደ ቁጥሩን ልብ ብለው ይመልከቱት። አራት ሎጂካል ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ 25 በመቶ፣ ስምንት ባለው ላይ 12 ወይም 13 በመቶ አካባቢ ተተክሎ ከቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥራ ማለቂያ አጥቶ አንዱን ሎጂካል ፕሮሰሰር ለብቻው ይዞታል ማለት ነው። ሲፒዩው ዝቅተኛ ሆኖ ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ከደረሰ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የዘገየው ወይም የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው።

ለጊዜው ለመገላገል ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ሪስታርት ይበሉት። በሌሎች ፕሮግራሞች የተከፈቱ ሰነዶች አይዘጉም። በመገልበጥ ላይ ያለ ፋይል ካለ ግን ስለሚቋረጥ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ትንንሾቹ ምስሎች

በፎቶና በቪዲዮ ፎልደሮች ላይ ዋናው ምክንያት ተምኔይል ነው። ኤክስፕሎረሩ ለእያንዳንዱ ፋይል ትንሽ ምስል ለማሳየት ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ አለበት፤ ከቪዲዮ ደግሞ አንድ ምስል ፈልቅቆ ማውጣት ይጠበቅበታል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ኮም ሰሮጌት የሚል ስም ከፍ ብሎ ከታየ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሥራ እየሠራ ነው። እየተገለበጠ ሳለ መብራት የሄደበት ቪዲዮ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ፋይል ለማንበብ የሚደረገው ሙከራ አንዳንዴ ማብቂያ አያገኝም።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የፎልደሩን እይታ ወደ ዲቴይልስ ይቀይሩ። ቀጥሎ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ይግቡና የፎልደሩን ዓይነት ጀነራል አይተምስ ያድርጉት። ይህ ኤክስፕሎረሩን የቪዲዮውን ርዝመትና የዘፈኑን ባለቤት ከየፋይሉ ከመልቀም ያሳርፈዋል። ካልበቃ በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ቪው በሚለው ገጽ ተምኔይል ጨርሶ እንዳይታይ፣ አይከን ብቻ እንዲታይ የሚያደርገውን ምርጫ ምልክት ያድርጉበት።

የተበላሸውን ፋይል ለማግኘት ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። ግማሹን ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውሩና የትኛው ግማሽ እንደሚያጨናንቅ ይዩ፤ ያንንም እንደገና ለሁለት ይክፈሉት። በዚህ መንገድ ከ1,000 ፋይሎች ውስጥ አንዱን ብልሹ ፋይል በ10 ጊዜ ክፍፍል ማግኘት ይቻላል።

ፍላሹ ያመጣው እንግዳ

ከማተሚያ ቤት ወደ ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት ወደ ዶርም የሚዞር ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ቫይረሱ ዋናዎቹን ፋይሎች ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን የከፈተ ሰው ቫይረሱን ራሱ ያስነሣዋል። ስለዚህ ፋይሉ ጠፋ ብለው ፍላሹን ፎርማት አያድርጉ። በአንቲቫይረስ ያስመርምሩት። ከዚያ ቪው ከሚለው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ በፎልደር ኦፕሽንስም የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያንሡ። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው።

አንዳንድ ቫይረስ ራሱን ኤክስፕሎረር ብሎ ይሰይማል። ለመለየት ታስክ ማናጀር ውስጥ ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ኦፕን ፋይል ሎኬሽን ይበሉ። ትክክለኛው የሚገኘው ዊንዶውስ በተጫነበት ድራይቭ፣ ዊንዶውስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ከተገኘ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተው በዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ያስመርምሩት። ፍተሻው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ስለሚያስነሣው አስቀድመው ሥራዎን ሴቭ ያድርጉ።

አንቲማልዌር ሰርቪስ የሚለው ከፍ ብሎ ከታየ ግን አይደንግጡ፤ አዲስ የገባውን ፋይል እየመረመረ ነው። አያጥፉት። ሁለት አንቲቫይረስ አብረው ተጭነው ከሆነ አንዱን ያውጡ። ሰርች ኢንዴክሰር የሚለውም በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ሲገቡ የሚመዘግብ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከፍተው ቢያድሩ ሥራውን ይጨርሳል።

ራይት ክሊክ ላይ ሲቆም

ፎልደሩ በደህና ተከፍቶ ራይት ክሊክ ሲያደርጉ ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ያኔ በሚወጣው ዝርዝር ላይ ራሳቸውን ባስገቡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ነው፤ የፋይል ማሸጊያው፣ የቪዲዮ ማጫወቻው፣ ያረጀው አንቲቫይረስ። የማይጠቀሙባቸውን ያራግፉ። ሼልኤክስቪው የተባለው ነጻ መሣሪያ ደግሞ ሳያራግፉ አንድ በአንድ አጥፍቶ ለመሞከር ያስችላል። የማይክሮሶፍት የሆኑትን አይንኩ።

ከፍታው፣ አቧራውና ሙቀቱ

በደጋ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል፣ በደባርቅ ደግሞ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በአየር አማካይነት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የደጋው ብርድ ከፊሉን ያካክሳል። የበጋው አቧራ የላፕቶፑን መተንፈሻ ከደፈነው ግን ብርዱም አያድነውም።

ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያው ሥራ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ሲፒዩው ሳይወርድ ይቆያል። ይህን ለማየት ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ይክፈቱ። ከባድ ሥራ እየተሠራ ስፒድ የሚለው ቁጥር ቤዝ ስፒድ ከሚለው በብዙ ካነሰ፣ ከኃይል ቁጠባ ሌላ ዋናው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ላፕቶፑን ከፍራሽና ከጋቢ ላይ አንሥተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፤ በየዓመቱም አቧራውን ያስጠርጉ።

ባለሙያ ጋ ሲሄዱ

መብራት በድንገት የሚሄድበት አካባቢ ከሆነ ድራይቩ ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ የሚለውን ማስኬድ ይጠቅማል። ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ካሰማ ወይም ፋይሎች መነበብ እምቢ ካሉ ግን ምንም ከመሞከርዎ በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ዊንዶውስ 10 የሚጠቀም ሰው ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙን ይወቅ፤ በፍላሽ ለሚሠራ ኮምፒውተር ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

ወደ ባለሙያ ሲሄዱ “ኮምፒውተሩ ይዘገያል” ብቻ ብለው አይስጡት። የትኛው ፎልደር እንደሚያጨናንቅ፣ በታስክ ማናጀር ላይ የቱ ስም ስንት በመቶ እንደያዘ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጽፈው ይስጡት። ፎርማት የግድ ነው ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ፋይሎቹ ተገልብጠው፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን በዓይንዎ ሳያዩ አይፍቀዱ። ዊንዶውስ ሁልጊዜ እንደገና ይጫናል። የተሞሸረች እህት ግን ለቪዲዮው ብላ ዳግም አትሞሸርም።